አርብ አርብ የፈረምኩበት ምትክ ቅጂ

ባለፈው ሳምንት ለዓይኔ መድኃኒት ከምኖርበት ከውጫሌ ወደ ሐይቅ ከተማ ወርጄ፣ መናኸሪያው ውስጥ የውጫሌ መኪና እስኪሞላ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰው ከኋላ መጥቶ እቅፍ አደረገኝ። ዞር ብዬ ሳየው ጌታሁን ነው፤ የድሮው ሥራ አስኪያጄ። ጠጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ሆዱ ቀድሞት ይሄዳል፣ ጫማው ፊት ያሳያል። «አራጋው! አለህ እንዴ? ሞቷል ብለውኝ ነበር እኮ!» አለና ሳቀ። እንደ ወጉ ትከሻ ለትከሻ ተገጫጨን። የልጆቼን ደህንነት ጠየቀኝ፣ የልጆቹን ጠየቅሁት። ከዚያ ክንዴን እንደያዘ፣ «ያ ጊዜ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር በናትህ! ያቺ ሰርቨር የተቃጠለች ሰሞን የነበረው ሩጫ ትዝ ይልሃል?» አለኝና እንደገና ሳቀ። ሳቀ! በዚያ ነገር የሚሳቅ መሆኑን ገና ያን ቀን አወቅሁ። ይባስ ብሎ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ለመሥሪያ ቤቶች ስለ ፋይል አያያዝ ሥልጠና እንደሚሰጥ፣ በማግስቱም ደሴ እንደሚጠበቅ ነገረኝ። ሌላ ሰው ቢሆን የሚለውን ብሎ ይገላገል ነበር፤ እኔ ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ሁን» ብዬ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ጥርሴን ሳፋጭ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «አባባ፣ ጥርስዎን ያምዎታል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

መሥሪያ ቤቱን በስሙ አልጠራውም። ዛሬ እዚያ የሚሠሩት እኛ ባጠፋነው ሊወቀሱ አይገባም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ ላይ የነበረ፣ የገበሬው የመሬት ማህደር የሚቀመጥበት ቤት ነው ብል ይበቃል። የማን ማሳ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ፣ ማን ከማን እንደሚዋሰን፣ አባት ሲሞት ለማን እንደተላለፈ የሚጻፈው እዚያ ነው። እኔ የተቀጠርኩት በታይፕ ጸሐፊነት ነበር። ዓመቱን ተዉት፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ በሣር ገመድ ተሰክቶ አምስቱ በሃምሳ ሳንቲም ይሸጥ የነበረበት ጊዜ ነው። ከግሸን ግርጌ ከገበሬ ቤት የመጣሁ ልጅ በመጀመሪያ ደመወዜ ቴትሮን ቤልቦተም ሱሪ አሰፋሁ። ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ «እግሩን ምን ያህል ላስፋው?» ሲለኝ «የጨርቁን ያህል» ብዬው ነበር። ጓደኞቼ የሐይቅን መንገድ የሚጠርገው አራጋው ነው ይሉኝ ጀመር። አፍሮዬን የማበጥርበት ሚዶ ከኋላ ኪሴ አይጠፋም። ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ራዲዮ ያለው ሻይ ቤት ነበርና፣ በአምባሰል ቅኝት የተዜመ ዘፈን ሲመጣ እጄን ከታይፑ አንስቼ መስኮቱን እከፍታለሁ። ያን ጊዜ አለቃዬ አቶ በላቸው ከውስጥ ይጮሃሉ፦ «አራጋው! አምባሰል አይጠፋም፤ የሚጠፋው ደብዳቤው ነው!»

አቶ በላቸው ቀጭን፣ ረጅም፣ ካኪ ኮታቸውን በበጋም በክረምትም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። አባታቸው በገዳም ውስጥ የኖሩ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ላይ መጻሕፍት የሚገለብጡ። እሳቸውም ከአባታቸው አንድ ነገር ወርሰው ነበር፤ ያልተነበበ ቅጂን እንደ ቅጂ አይቆጥሩም። አባታቸው አንድ መጽሐፍ ገልብጠው ሲጨርሱ ሌላ ሰው ዋናውን እየያዘ፣ እሳቸው አዲሱን ጮክ ብለው እያነበቡ ቃል በቃል ሳያመሳክሩ ከእጃቸው አያወጡትም ነበር አሉ። እኛም ዘንድ እንዲሁ ሆነ። ማንኛውም የመሬት ጉዳይ በካርቦን ሦስት ሆኖ ይመታል። አንዱ ለባለጉዳዩ ይሰጣል፣ አንዱ ሐይቅ ማህደር ውስጥ ይገባል፣ ሦስተኛው በሲባጎ ታስሮ በሳምንት አንድ ቀን በአውቶቡስ ውጫሌ ወዳለው ቅርንጫፍ ይሄዳል። የሚወስደውም እኔ ነበርኩ። እሽጉን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አቧራ እየቃምኩ፣ ሴቶቹ በርበሬና ዶሮ ይዘው እየገፉኝ እሄዳለሁ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው «ቤት ይቃጠላል። ሁለት ቤት ግን፣ አንዱ ሐይቅ አንዱ ውጫሌ ሆኖ፣ ባንድ ቀን አይቃጠልም» አሉኝ። ይሄ ብቻ ቢሆን ባልተማረርኩ። አንዳንድ ቀን ምክንያት ሳይኖር ከመዝገቡ አንድ ስም በጣታቸው ይነኩና «የዚህን ሰው ማህደር ከውጫሌ አምጣልኝ» ይሉኛል። አመጣለሁ። ከሐይቁ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ያነቡታል። ከዚያ «መልሰው» ይሉኛል። ሰውዬው ነካ አድርጎታል እንል ነበር። አንድ ቀን ግን ዝናብ የመዝገብ ቤቱን ጣራ ቀዶ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ማህደር ወደ ገንፎ ሲለወጥ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ከውጫሌ አምጥተን መልሰን መታነው። አንድ ገበሬ እንኳ ማህደሩ ለአንዲት ቀን መጥፋቱን ሳያውቅ ቀረ። አቶ በላቸው ለዚህ ምስጋና አልጠየቁም፤ እኛም አላመሰገንናቸውም። በጡረታ ሲሰናበቱ አንድ ካፖርት ሸለምናቸውና ሸኘናቸው።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ፤ ስንት ነገር አብሮ ተለወጠ። ቤልቦተሙ ጠበበ፣ አፍሮው መለጠ፣ ሻይ ቤቱ ፎቅ ሆነ። ታይፖቹ ላስቲክ ለብሰው መጋዘን ገቡ፤ ኮምፒውተር መጣ። ጌታሁን በሥራ አስኪያጅነት ሲመጣ እኔ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ ነበር። አንዲት ጠባብ ክፍል ተለቅልቃ የብረት በር ተገጠመላትና ሰርቨር የሚባለው ማሽን ገባባት። የሁላችንም ኮምፒውተር በሽቦ ከእሱ ጋር ተገናኘ፤ የጻፍነው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። የወረቀት እሽጉ ወደ ውጫሌ መሄዱ በዚያው ሳምንት ቆመ። ጌታሁን «ወረቀት ያለፈ ታሪክ ነው» አለ። የቆዩት ማህደሮች ከመደርደሪያቸው ተለቅመው ግቢው ጀርባ ወዳለች የቆርቆሮ መጋዘን ተወረወሩ፤ መዝገብ ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። መደርደሪያዎቹን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። አጨብጭቤያለሁም፤ ስብሰባ ላይ ተጨብጭቦ ነበርና።

ሉባባ የመጣችው ከማሽኑ ጋር ነው ማለት ይቻላል። የደሴ ልጅ፣ ከኮሌጅ የወጣች የኮምፒውተር ባለሙያ፣ አጭር፣ ሁልጊዜ ሰማያዊ ሻሽ የምታስር፣ ስትናገር ዓይን ዓይን የምታይ። የመጣች ሰሞን ስብሰባ ጠየቀች። ጌታሁን፣ እኔና ሌሎች አምስት ኃላፊዎች ነበርን። ከነጩ ሰሌዳ ፊት ቆማ፣ «አንድ ነገር እንወስን ብዬ ነው» አለች። «ይቺ ማሽን አንድ ቀን ትሞታለች። ክፉ እየተመኘሁ አይደለም፤ ማሽን ሁሉ ይሞታል። ስትሞት የስንት ቀን ሥራ ቢጠፋብን እንችለዋለን? የአንድ ቀን ነው? የሳምንት? እሱን ከወሰንን በስንት ቀኑ ምትክ ቅጂ መውሰድ እንዳለብን እናውቃለን። ደግሞ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ ስንት ቀን ይጠብቀናል? እሱን ከወሰንን ቅጂውን በምን ያህል ፍጥነት መመለስ መቻል እንዳለብን እናውቃለን።» ከዚያ የራሷን ሐሳብ ሳለችልን። በየቀኑ የተለወጠው ብቻ ይቀዳል፤ አርብ አርብ ደግሞ ሁሉም። ዲስኮቹ ሁለት ይሆናሉ፤ አንዱ እዚህ ሲሠራ ሌላው ውጫሌ ቅርንጫፍ ተቆልፎበት ይቀመጣል፣ በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ። በወር አንድ ቀን ደግሞ ከዲስኩ ላይ የአንድን ሰው ፋይል አውጥተን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተን እናነባለን። «ተመልሶ ተከፍቶ ያላየነው ቅጂ፣ አለን ብለን አንመካበትም» አለች።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ አቶ በላቸው ከመቃብር ተነስተው በሰማያዊ ሻሽ የመጡ ያህል ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ይህን ሊያውቅ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። እሽጉን በጭኔ ይዤ የሄድኩ፣ የጠፋ መደርደሪያ ሙሉ ማህደር ሲመለስ ያየሁ እኔ። ጌታሁን ግን ወንበሩ ላይ ተለጥጦ፣ «ማለትሽ ዲስኩ በየሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ውጫሌ ይሂድ? በዶሮና በበርበሬ መሀል?» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ሳቅ ነው። ሉባባ አልሳቀችም፤ «የምስጢር ቁልፍ እናደርግበታለን፣ ቢጠፋም ማንም አያነበውም» ብላ ልታስረዳ ሞከረች። «አንቺ ልጅ፣ የመጣሽው ልትሠሪ ነው ወይስ ሟርት ልታሟርቺ?» አላትና ውሳኔውን ተናገረ። አንድ ዲስክ ይገዛል። እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተሰክቶ ይኖራል። በራሱ ይቀዳል። የክፍሉን ቁልፍ አራጋው ይይዛል፣ አርብ አርብ አይቶ ይፈርማል። «አራጋው ታማኝ ነው» አለ። ይቺ ቃል ደረቴን ነፋችው። ሉባባ በማግስቱ ተቃውሞዋን በሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፋ አመጣች። በገቢ መዝገቡ ላይ በእጄ ቁጥርና ርእስ ሰጥቼ መዘገብኩት፤ ጌታሁን ጠርዙ ላይ «ታይቷል» ብሎ መለሰው፤ ስካን ተደርጎ ሰርቨሩ ውስጥ ገባ፣ ወረቀቱ ወደ ቆርቆሮዋ መጋዘን ተወረወረ።

እናም ፈረምኩ። አርብ ከሰዓት በኋላ የብረቱን በር ከፍቼ እገባለሁ፤ ዲስኳ ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ናት፤ «ምትክ ቅጂ በትክክል ተወስዷል» በሚለው ቅጽ ላይ ስሜን ጽፌ እወጣለሁ። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አንድ ጊዜ ሉባባ በር ላይ ጠበቀችኝና «ጋሼ፣ ከፍተው አይተውት ነው የሚፈርሙት?» አለችኝ። «መብራቱ አረንጓዴ ነው» አልኳት። «አረንጓዴው ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አይናገርም። ይምጡ፣ እንዴት እንደሚታይ ላሳይዎት። አሥር ደቂቃ ነው።» ከልጄ ታንሳለች። እኔ ደግሞ በዚያ ቤት ሠላሳ ምናምን ዓመት የከረምኩ ሰው። «ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ ማህደር ይዣለሁ» ብዬ አልፌያት ሄድኩ። ኩራት እንዲህ ነው፤ በሰዓቱ እንደ ክብር ይጣፍጣል።

እሷ የወሊድ ፈቃድ ወጣች። በዚያ መሀል ሰርቨሩ ሞላ ተባለና ከውጭ አንድ ቴክኒሺያን ተጠርቶ መጣ። አዲስ ዲስክ ውስጡ ገጠመ፣ የምንሠራበትን የፋይል ማስቀመጫ ወደ አዲሱ አዛወረ፣ ፈርሞ ሄደ። በራሱ የሚቀዳው ነገር ግን መዛወሩን ማን ነግሮት? ማንም የማይጽፍበትን የድሮውን ቦታ በየምሽቱ ይቀዳል፤ መብራቱም ይበራል፤ እኔም እፈርማለሁ። ሉባባ ከወሊድ ስትመለስ ዲስክ መጨመሩን ሰማችና ወደ እኔ ሮጣ መጣች። «ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ማስቀመጫው ተዛውሯል አሉኝ፤ የሚቀዳው የትኛውን እንደሆነ ልይ።» ጌታሁንን ልጠይቅ ብዬ ገባሁ። «የሚሠራ ነገር አይነካም፤ ሥራ ይቆማል። አትስጣት» አለኝ። አልሰጠኋትም። ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደጠየቀችኝ አላውቅም፤ እንደከለከልኳት ብቻ አውቃለሁ።

ሐምሌ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከሐይቁ ማዶ ደመናው ጠቁሮ መጣ። የዚያን ዕለቱን መብረቅ ሐይቅ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ የመስኮቶቹ መስታወት ነጭ ሆነ፣ ወዲያው ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ኮምፒውተሮቹ ባንድ ላይ ጠፉ። ከጠባቧ ክፍል የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ መጣ። በሩን ስከፍት ሰርቨሩ በጎኑ በኩል ቀጭን ጭስ ያወጣል። ጌታሁን ፊቱ እንኳ አልተለወጠም፤ «አይዟችሁ፣ ምትክ አለን» አለ። ሉባባ ዲስኳን ነቅላ ከቤት ካመጣችው የግል ኮምፒውተሯ ጋር አገናኘችው። አንድ ቤት ስለነበሩ ዲስኳም ተመትታለች ብላ ፈርታ ነበር፤ ግን በራች። እሰይ አልን። ጌታሁን እጁን አጨበጨበ። ሉባባ እየከፈተች ዝቅ፣ ዝቅ እያለች ሄደችና ቆመች። «ምነው?» አልኳት። «ጋሼ፣ የመጨረሻው ፋይል የተጻፈው እኔ ከመውለዴ በፊት ነው» አለችኝ። ልጇ ያን ጊዜ ቆሞ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ የለካነው፣ ያዋሰነው፣ ያወረስነው መሬት ሁሉ የለም። የተፈረመበት ወረቀት አለ እንዳይባል፣ ስካን እየተደረገ የሚወረወረው እዚያችው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነበርና የክረምት ውሃና ምስጥ ተካፍለውታል።

ሦስት ቀን ሳይሞላ ጌታሁን ቃለ ጉባኤ አዘጋጅቶ ጠራን። «ምትክ ቅጂ የመያዝ ሙሉ ኃላፊነት የባለሙያዋ ሆኖ ሳለ፣ በቸልተኝነቷ…» እያለ የሚሄድ ነው። ሉባባ «እኔ በደብዳቤ ተቃውሜያለሁ!» አለች። «የታለ ደብዳቤሽ?» አላት። የት ይኑር፤ ሰርቨሩ ውስጥ ነበራ! ዲስኳ ደግሞ የመሬት ማህደር እንጂ ደብዳቤ አትቀዳም ነበር። ቅጂውን እንኳ ይዛ እንደሁ ሲጠይቃት የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሯም በመብረቁ ተመትቶ ነበር፤ ያን ዲስክ የከፈተችበት የግሏ ነው። ዞራ አየችኝ። እኔ ወረቀቱ ሲደርሰኝ ብዕሬን አወጣሁ። ጡረታዬ ቀርቦ ነበር፣ አርብ አርብ የፈረምኩትን ማንም እንዳያነሳብኝ ፈርቼ ነበር፤ ይህን የምለው ማሩኝ ለማለት አይደለም። ፈረምኩ። እሷ ሻሿን አስተካክላ ወጣች።

በሳምንቱ እትዬ የሺ መጣች። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ከሚገኝ መንደር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ባሏ ካለፈ በኋላ ማሳውን ከባሏ ወንድም ጋር ስትካፈል ሽማግሎቹ ቆመው፣ ገመዱ ተጥሎ፣ ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። የመሬት ይዞታ ደብተሯ ገና አልታተመም ነበር። አሁን የባሏ ወንድም ኮምፒውተሩ ተቃጠለ ሲባል ሰምቶ፣ በማግስቱ የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ወደ ውስጥ አስገብቷል። በውሃው በኩል ያለችውን ሽንኩርት የምታወጣባትን መሬት፣ ልጆቿን የምታስተምርባትን፣ ወስዶባታል። ደንግጣ እንኳ አልነበረም፤ መዝገብ ቤት ያለ ነገር ይጠፋል ብላ አላሰበችም። «አያ አራጋው፣ ያቺን የጻፉልኝን ወረቀት ይስጡኝና ለሸንጎው ላሳይ» አለችኝ። «የለችም የሺ» አልኳት። «እንዴት ነው የለችም? በእጅዎ ነው እኮ የጻፉት!» «ጠፍታለች።» ቆይታ፣ «እርስዎ ያውቁት የለም? መጥተው ይናገሩልኝ» አለችኝ። ሄድኩ። ሸንጎው ፊት ቆሜ ያየሁትን ተናገርኩ። የባሏ ወንድም ብድግ ብሎ «የመንግሥት ሠራተኛ በቃሉ ነው በወረቀት የሚመሰክረው?» አለ። ሽማግሎቹ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ ታሟል። ዳኛው እያዘነ፣ «አቶ አራጋው፣ እርስዎ መዝገብ ያዥ ነዎት። መዝገቡን ያምጡ» አለኝ። ምን ላምጣ? ተፈረደባት። ስንወጣ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለእኔ ብለው ብዙ መንገድ መጡ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ያን ዕለት ወደ ሐይቅ ስመለስ የምሞትበትን ያህል ተናድጄ ነበር፤ በጌታሁን፣ በመብረቁ፣ ከሁሉም በላይ በእጄ። መሥሪያ ቤት ገብቼ መሳቢያዬን ከፈትኩ። የገቢ መዝገቡ፣ በእጅ የሚጻፈው ትልቁ ደብተር፣ እዚያ ነበር፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ማንም አቁም አላለኝም ነበርና እጄ ስለለመደ ብቻ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የሉባባ ደብዳቤ ቁጥር፣ ርእስ፣ «ለሥራ አስኪያጁ ቀርቦ ታይቷል» የሚለው ሁሉ አለ። የአርብ ቅጾቹንም ሰብስቤ አንድ ላይ አሰርኳቸው። ከበላይ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ሊያጣራ የመጣ ኮሚቴ ነበርና፣ እሱ ፊት ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። «ቃለ ጉባኤው ላይ የፈረምኩት ውሸት ነው። ልጅቱ ጽፋ አስጠንቅቃናለች። ሳያይ የፈረመው እኔ ነኝ፤ ቁልፉንም የከለከልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ጌታሁን ከወንበሩ ተነስቶ «አርጅቷል፣ ተምታቶበታል» አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደብተሩን አገላብጦ «የደብተሩ ጽሕፈት ግን አልተምታታበትም» አለው።

ፍትሕ ሆነ የምትሉ ከሆነ ስሙ። ሉባባ ከጥፋቱ ነፃ ወጣች። እኔ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝና ጡረታዬ እስኪደርስ ከመዝገብ ቤት ተነስቼ የግቢ ንብረት ጠባቂ ሆንኩ። ጌታሁን ተዛወረ፤ የተዛወረው ከፍ ወዳለ ቦታ ነው። እትዬ የሺ ግን መሬቷን አላገኘችም። ይግባኝ ብላ ሁለት ዓመት ተመላልሳ፣ ታላቅ ልጇ ትምህርቱን አቋርጦ ለሰው ሊሠራ ወጣ፤ እሷም ኋላ ተወችው። ሉባባ ሥራውን በራሷ ፈቃድ ለቀቀች። ልሰናበታት ወደ ቢሮዋ ሄጄ፣ ዕቃዋን በካርቶን ስታስገባ ደረስኩ። «እንኳን እውነቱ ወጣልሽ» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ካርቶኑን በፕላስተር አሽጋ ጨረሰችና ቀና አለች። «ግን ጋሼ፣ መጀመሪያ ፈርመው ነበር አይደል?» ካርቶኑን ላነሳላት ጎንበስ አልኩ። «አብሽሩ» አለችኝ፤ ካርቶኗን አንስታ ሄደች። ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም።

እንግዲህ ይሄ ነው ጌታሁን መናኸሪያ ውስጥ አቅፎኝ የሳቀበት ነገር። ውጫሌ ከገባሁ በኋላ ምግብ አልበላ አለኝ። ባለቤቴ «ደም ግፊትህ ነው፣ ተኛ» ብትለኝም አልተኛሁም። በማግስቱ በጠዋት ተመልሼ ሐይቅ ወረድኩ። ጌታሁንን ፍለጋ አልነበረም፤ እሱማ ደሴ ሥልጠና እየሰጠ ነው። የድሮው መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። ግቢው ፎቅ ሆኗል፤ ጥበቃዎቹ አያውቁኝም። ፋይል ክፍል የሚባለው ውስጥ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ መሠረት ትባላለች፣ ኃላፊዋ እሷ ናት። «ምን ልታዘዝ አባቴ?» አለችኝ።

«ምትክ ቅጂ ትይዛላችሁ?»

«እንይዛለን። አሁንማ በመስመር ነው የሚሄደው፤ ሌላ ከተማ ይቀመጣል፤ በራሱ ይቀዳል» አለችኝ በትሕትና።

«ከዚያ አንድ ፋይል መልሺና አሳዪኝ።»

«የእርስዎን?»

«የማንንም ይሁን። የፈለግሽውን ስም ጥሪ።»

ፈገግ አለች፤ ከዚያ የምቀልድ እንዳልሆንኩ ገባት። የይለፍ ቃሉ ያለው ሰው ፈቃድ ላይ መሆኑን፣ ሰኞ ብመጣ እንደሚሻል ነገረችኝ። «አንቺ አንድ ቀን ተመልሶ ሲከፈት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «በራሱ ይቀዳል አልኩዎት እኮ» አለችኝ። ያን መልስ እኔ አውቀዋለሁ። ያኔ ቁጣዬ ፈነዳ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ግን ኮሪደሩ ላይ የነበሩ ባለጉዳዮች ሁሉ ሰምተውታል። ጥበቃው ሊያስወጣኝ መጣ። መሠረት እጇን አንስታ «ተዋቸው» አለችው። ባሏ የሞተባትን የአርዲቦዋን ሴት ነገር ነገርኳት፣ እኔ ምን እንዳደረግሁም ነገርኳት። ወንበር ሳበችልኝ። ስልኳን አንስታ ፈቃድ ላይ ያለውን ሰው አስቸገረችው፤ የይለፍ ቃሉን ሲሰጣት ጻፈችው። ሠራተኛው ለምሳ ወጣ፤ እኛ ቀረን። አንዴ ሞከረች፣ ሁለቴ ሞከረች፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከረች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከስክሪኑ ዞራ፣ ፊቷ ላብ አውጥቶ፣

«አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ስሙ አለ፣ ግን አይከፈትም» አለችኝ።

«ዋናው ደህና ነው?»

«ዋናው ደህና ነው። እየሠራ ነው።»

«እንግዲያው ዕድለኛ ነሽ» አልኳት። «ምንም ሳይቃጠል ነው ያወቅሽው።»

ተነስቼ ባርኔጣዬን አደረግሁ። እስከ ግቢው በር ሸኘችኝ። እዚያ ስንደርስ እጄን በሁለት እጆቿ ያዘችው።

«ነገ እንደገና እሞክረዋለሁ፤ ይምጡ» አለችኝ። «ባይከፈትም ይምጡ።»